ባለቤቴ የሞላው ቅጽ

ባለቤቴን በደንብ ያወቅሁት ከሞተ በኋላ፣ በአንዲት አስከሬን መርማሪ ቢሮ ውስጥ ነው። ይህን ሲያነብ «ስንቷ ሚስት ናት እንደዚህ የምትል» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ባለቤቴን የማውቀው እንደ ተማሪ በቃሌ አጥንቼው ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ሲያትል ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሌክ ሲቲ ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ መሸጫ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት ሁለት አውቶቡስ ይዤ ካፒቶል ሂል እሄድና ካፌ ውስጥ ሳንድዊች እሠራለሁ። የቀረውን ጊዜ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን ሁሉ አነባለሁ። ብዙ ስለማነብ ሰው ሁሉ ከእኔ ያነሰ ይመስለኝ ነበር። ይህ በሽታ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ የዚያን ሰሞን ግን ለጥቂት ቀን ተሽሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ታምሩ ይባላል። ዲቪ የደረሰው እሱ ነው። አዲስ አበባ ሳለን የእሱ እናት እትዬ ብርቄና የእኔ እናት ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ደብዳቤው በመጣ በሳምንቱ ሁለቱ እናቶች ተመካክረው ዳሩን። ድግስ የለም፣ ሚዜ የለም፤ ማዘጋጃ ቤት ፈርመን፣ ፎቶ ተነሥተን ወጣን። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፦ አብሬው እወጣለሁ፣ አሜሪካ ገብተን ትንሽ ስንቆይ ፍቺ እንፈርማለን፣ ከዚያ ሁለታችንም በየመንገዳችን። በዚያ ዘመን እንዲህ ያላደረገ ሰፈር ካለ ንገሩኝና ሄጄ ልሳለመው።

ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ያስጠናን እዚያው በሩ ላይ ለባለጉዳይ ቅጽ የሚሞላ ሰው ነው።

«የት ተዋወቃችሁ ሲሏችሁ ቤተ ክርስቲያን እንዳትሉ» አለን። «ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው የሚለው፤ ሰልችቷቸዋል። መዋኛ በሉ። የሆቴል መዋኛ። ፈረንጅ መዋኛ ሲሰማ አንጀቱ ይራራል።»

ስለዚህ ታምሩ ጎበዝ ዋናተኛ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዋኛል፤ እኔ ዳር ተቀምጬ ስፈራ አይቶኝ «ግቢ፣ እይዝሻለሁ» አለኝ፤ በዚያው ተዋደድን። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ከባልዲ የሰፋ ውሃ ውስጥ ገብተን አናውቅም። ይህንንና ሌሎች አርባ የሚሆኑ መልሶችን፣ የጥርስ ብሩሹን ቀለም፣ በየትኛው ጎን እንደሚተኛ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ያዝናቸው። ቆንሲሏ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቃ አሰናበተችን። አንዱ የመዋኛው ነበር።

ሲያትል ከገባን በኋላ እሱ ኤቨረት የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠረና እዚያው ክፍል ተከራየ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደውላል። ሰላምታው አንድ ነው።

«ወይዘሮ፣ የጥርስ ብሩሼ ምን ቀለም ነው?»

«ሰማያዊ።»

«በየትኛው ጎን ነው የምተኛው?»

«በግራ። ታንኮራፋለህ ደግሞ።»

«ማንኮራፋት ጥናቱ ውስጥ የለም።»

«እኔ ጨመርኩት።»

ከዚያ ስለ ፍቺው እናወራለን። እሱ «መቼ እንጨርሰው?» ሲለኝ «ዝናቡ ይለፍና» እለዋለሁ። ዝናቡ ሲያልፍ ደግሞ እኔ አነሣበትና «ኦቨርታይም በዝቶብኛል» ይላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሴት፣ ሁለት ጤነኛ ሰዎች አንድ ወረቀት መፈረም ለምን እንዳቃታቸው አልገባኝም እል ነበር። ገብቶኝ ነበር። ግን በስምምነት ያገቡትን ሰው መውደድ የመሃይም ሥራ መሰለኝ። ሆኖም እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ሰርግ ተጠርቼ እንኳ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀርቻለሁ።

መጨረሻ የደወለ ዕለት «የት ነበር የተዋወቅነው?» አለኝ። ጠዋቱን ሙሉ ቆሜ ስለሠራሁ እግሬ አብጧል።

«ተወኝ እስቲ ታምሩ፣ ደክሞኛል» አልኩት።

«ይሁን። ሙቀቱ ሲገባ ሐይቁ ጋ እወስድሻለሁ። የማሳይሽ ነገር አለ።»

«ምን?» አላልኩትም።

በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ፖሊሶች በሬን አንኳኩ። ወሩ ግንቦት ነው።

«የታምሩ ባለቤት ነዎት?»

«ነኝ።»

«መጥፎ ዜና ይዘን ነው የመጣነው። ባለቤትዎ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ውስጥ ሰጥመው ሞተው ተገኝተዋል። በቦርሳቸው ውስጥ የእርስዎን ስም አገኘን።»

እንዲህ ነው የነገሩኝ፤ በር ላይ ቆመው፣ በአንድ ትንፋሽ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ «አይ ጭካኔ» ይላል። በእኛ ወግ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ መጥቶ፣ መርዶው ተመጥኖ ነው የሚነገረው። እኔ ግን የፖሊሶቹን እመርጣለሁ። ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን ሞት እኔ ብቻ ሳላውቅ «ትንሽ አሞት ነው» እየተባልኩ ሦስት ቀን ስስቅ መክረም አልወድም። አንድ ነገር ግን የእኛው ይሻላል፤ የሚነግርሽ ሰው ስትወድቂ ይይዝሻል። ፖሊሶቹ ካርድ ሰጥተውኝ ሄዱ። የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ጮኸ። የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ነው። ድምፁ የለዘበ መርማሪ ጥቂት ጥያቄ አለኝ አለ።

«የታወቀ በሽታ ነበረባቸው?»

«የለበትም።»

«የሚኖሩት አብራችሁ ነው?»

«ለሥራ ብሎ ኤቨረት ነው። እሑድ እሑድ ይመጣል።»

«መዋኘት ይችሉ ነበር?»

«በጣም። ጎበዝ ዋናተኛ ነው። የተዋወቅነውም መዋኛ ውስጥ ነው።»

ሲጽፍ ይሰማኛል። አመስግኖኝ ዘጋ።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ መዋሸቴን አላወቅሁም። አንድ አሜሪካዊ ብዕር ይዞ ስለ ባለቤቴ ሲጠይቀኝ አፌ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ኀዘን አእምሮን ይዘጋዋል እንጂ የቃል ጥናትን አይነካም።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ በለቀስተኛ ሞላ። ጋሽ ዘነበ የመረዳጃ ማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፤ የሁላችንንም ጉዳይ ይሮጣሉ። አመሻሽ ላይ ወደ ማብሰያው ጥግ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ቢሮውን ኮል አድርጌ ነበር። ገና አልወሰኑም። ልብሱን አጣጥፎ፣ ጫማውን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ሰዓቱን ጫማው ውስጥ ከቶ ነው የገባው። ፖሊሱ ተዘጋጅቶበት ነው ብሏል። የቤተ ክርስቲያናችን አባም ሰምተዋል።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ወረቀቱ ራሱን አጠፋ ካለ ፍትሐት የለም። እናቱን አስቢያት።»

አሰብኳቸው። እትዬ ብርቄ ሰንበት አጓድለው የማያውቁ፣ አራት ወንድ ልጆች በአንድ ክፍል ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሳይፈታ ተቀበረ ቢባሉ ያንን ሌሊት የሚያድሩ አይመስለኝም። በዚያች ደቂቃ ጠዋት በስልክ ምን እንዳልኩ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ ታምሩ መዋኘት አይችልም እኮ።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ!»

«ጎበዝ ዋናተኛ ነው ብያቸዋለሁ።»

«ለምን?»

«ኤምባሲ ያልነው እንደዚያ ነው።»

ጋሽ ዘነበ የቧንቧውን ውሃ ከፍተው መልሰው ዘጉት። ስብሰባ ላይ ሲጨንቃቸውም እጃቸው እንዲሁ የሚነካካው አያጣም።

«ሶ፣ አሁን አይችልም ብትያቸው፣ የት ተዋወቃችሁ ይሉሻል። ከዚያ ኢሚግሬሽን አለ። ልጄ፣ የኤምባሲውን ወረቀት አትንኪ። አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ በዚህ መንገድ የመጣው ስንት ነው።»

«ፍትሐቱስ?»

«እሱን እግዜር ያውቀዋል።»

«እግዜር ካወቀው አባ ለምን ወረቀት ይጠይቃሉ?»

«አንቺና ንባብሽ!» አሉና ወደ ለቀስተኛው ተመለሱ።

ዓርብ ጠዋት ከቢሮው ተደወለ። የመርማሪዎቹ አለቃ ወረቀቱን ሳትፈርም እኔን ማነጋገር ትፈልጋለች። ጋሽ ዘነበ በታክሲያቸው ወሰዱኝ። ቢሮው ኮረብታ ላይ ነው፤ ከታች ባሕሩ ይታያል።

«እዚህ ፓርክ አድርጌ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። «አጭር መልስ ብቻ። ኦኬ?»

ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ያነበብኩትን ሁሉ እያስታወስኩ ገባሁ። ፊቷ እንደ በረዶ የሆነ፣ ነጭ ካባ የደረበች ሴት ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ሹራቧ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር አሮጊት ነው። በአውራጃው ውስጥ ድንገት የሞተ ሰው ሁሉ ፋይል፣ ሐኪሞቹና መርማሪዎቹ ከጨረሱት በኋላ፣ በመጨረሻ እሷ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ለምን ሞተ የሚለውን ቆርጣ የምትፈርመው እሷ ናት። ወንበሯን ከጠረጴዛው ኋላ ጎትታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ሚስስ ገብሬ» አለችኝ። ገብሬ ቀድመው የሞቱት የታምሩ አባት ስም ነው፤ ለማላውቃቸው አማቴ ሚስት ሆንኩ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር፤ እሑድ ለታምሩ እነግረውም ነበር።

«ሰዎች ሙታን አይዋሹም ይላሉ» አለች። «እውነት ነው። ግን ብዙም አይናገሩም። የባለቤትዎ ሰውነት ሰጠምኩ ይለኛል። ቁስል የለበትም፤ መጠጥም አልጠጣም። ውሃ ውስጥ ለምን እንደገባ ግን አይነግረኝም። እሱን የሚነግሩኝ ሕያዋን ናቸው። የሚያስቸግሩኝም እነሱ ናቸው።»

አንድ ወረቀት አሳየችኝ። አምስት ትንንሽ ካሬዎች አሉበት፦ በተፈጥሮ፣ በአደጋ፣ በራስ እጅ፣ በሰው እጅ፣ አልታወቀም። ሁሉም ባዶ ናቸው።

«መርማሪዬ ‹ሚስቱ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር ብላለች› ብሎ ጽፏል። ጎበዝ ዋናተኛ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ከዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ልብሱን አጣጥፎ አስቀምጦ ሰጠመ። ይህን ብቻ ባይ እጄ ወደ ሦስተኛው ካሬ ይሄዳል። ነገር ግን ሱሪው ኪስ ውስጥ ካርድ አገኘን። ኤቨረት ካለ የከተማው መዋኛ። የአዋቂ ጀማሪዎች ትምህርት ነው። ስድስት ጊዜ ሄዷል።»

መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ጎበዝ ዋናተኛ ለጀማሪ ትምህርት ለምን ይመዘገባል?»

ጋሽ ዘነበ አጭር መልስ ብለውኛል፤ ከዝምታ ያጠረ አላገኘሁም።

«መዋኛውን ጠየቅንና የተመዘገበበትን ቅጽ በፋክስ ላኩልን» አለች። «አንድ ጥያቄ አለው፤ ‹መዋኘት መማር ለምን ፈለጉ?› ይላል። ሰው ለጤናዬ ይላል፣ ለልጆቼ ይላል። የእሱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልገባኝም።»

ወረቀቱን አዞረችልኝ። የታምሩ እጅ ጽሑፍ ነው፤ እንደ ዕቃ ሳጥን ጽሑፍ በትልልቁ ፊደል ብቻ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፦ ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው መዋኛ ውስጥ ስለሆነ።

ፋክሱ ጠርዙ ላይ ደብዝዟል። ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በቀልድ እየጠየቀኝ፣ እኔም በቀልድ እየመለስኩለት፣ እሱ ሄዶ ከሕፃን በማይሻሉ ሰዎች መካከል የገንዳ ጠርዝ ይዞ እግሩን ያወራጭ ነበር። ውሸታችንን እውነት ሊያደርገው። የማሳይሽ ነገር አለ ያለኝ ይህን ነው።

«የምነግርዎ ነገር የት ይደርሳል?» አልኳት።

«እኔ የምጽፈው ለሞቱ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ግን ፋይሉን ሕግ ካዘዘ ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል። ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

አሜሪካ ከገባሁ እንዲህ በግልጽ ያስፈራራኝ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያመንኩትም።

«መዋኘት አይችልም» አልኳት። «እኔም አልችልም። መዋኛ አልተገናኘንም። ያንን ያልነው ለቪዛ ነው።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ እናቶቻችንን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ አርባዎቹን ጥያቄዎች። ስጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ጋብቻው አልነበረም።

«ልብሱስ? ለምን አጣጠፈው?»

«አራት ወንድሞች በአንድ ሣጥን ልብስ ያደጉ ናቸው። ያላጠፈ ልጅ እራት አይቀርብለትም። ኤምባሲ ተራ ስንጠብቅ ፀሐይ ቢከብደው ኮቱን አውልቆ እንደ ደብዳቤ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር።»

«ሰዓቱስ?»

«የአባቱ ነው። ውሃ እንዳይነካው ነው።»

ይህ ሁሉ ጥናቱ ውስጥ የለም። ለካ ማንም ሳያስጠናኝ የያዝኩት ነበር። አንዴ ከጀመርኩ መቆም አቃተኝ፤ ሎሚ ከነልጣጩ እንደሚበላ፣ ስልክ ላይ ሲያወራ ቆሞ እንደሚዞር፣ የመጨረሻው እሑድ ሐይቅ እወስድሻለሁ እንዳለኝ ነገርኳት።

«ምን ሊያሳይዎ እንደነበር ጠየቁት?»

«አልጠየቅሁትም።»

ሁለታችንም ቅጹን አየን።

«በግንቦት ሐይቁ ላዩን ሲያዩት የሞቀ ይመስላል» አለች ቀስ ብላ። «ገንዳ ውስጥ የተማረ ሰው እንደዚያ ያለ ቅዝቃዜ አያውቅም። ሲገባ ትንፋሹ ይቆረጣል። ብዙ አልቆየም።» ብዕሯን አንሥታ ሁለተኛው ካሬ ላይ ምልክት አደረገች። በአደጋ። ሥሩ ላይ የጻፈችውን አነበብኩ፦ ሟች ጀማሪ ዋናተኛ ነበር፤ ሚስቱ የቀድሞ ቃሏን አርማለች።

«ይኸው ነው?»

«ጋብቻ የምትመረምረው እኔ አይደለሁም» አለችና ቅጹን ቅጂ አንሥታ ሰጠችኝ።

ታምሩን ላየው እንደምፈልግ ነገርኳት። ከመስታወት ወዲያ አሳዩኝ። ጥናቱ በግራ ጎኑ ይተኛል ይላል፤ እሱ በጀርባው ተጋድሟል።

ጋሽ ዘነበ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለዋል።

«ምን አልሻቸው?»

«እውነቱን።»

ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉ።

«ሶ፣ ፍትሐት አለ?»

«አለ።»

ሞተሩን አስነሡ። «እንግዲህ የሚመልሱሽ ከሆነ ኤርፖርት የማደርስሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ቲፕ አልቀበልም።»

እሑድ ፍትሐት ተደረገለት፤ አስከሬኑ ወደ እናቱ ሄደ። የመላኪያውን ወረቀት በሕግ መፈረም የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ለፍቺ ያልተነሣ እጄ ያንን ፈረመ።

ይህን የምነግራችሁ «እውነት ነፃ ያወጣል» ልላችሁ አይደለም። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ፖስታ በመጣ ቁጥር ከኢሚግሬሽን ይሆን እያልኩ በሩ ላይ ቆሜ እየቀደድኩ ዓመታት ኖሬአለሁ፤ ነፃ የወጣው እሱ ነው። ሰዉ በየለቅሶው «በሰው ሀገር ሞት ቅዝቃዜው» ሲል ግን አፌ አያስችለኝም። የእኛ ሰው አልቅሶልኛል፣ አብልቶኛል፣ እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ታምሩ ልብሱን ለምን እንደሚያጥፍ የጠየቀኝ አልነበረም። የጠየቀችኝ አንዲት የማታውቀው ሴት ናት፤ የተቀጠረችውም ለዚያ ነው። ሰውን እንዴት ሞተ ብሎ በትክክል መጠየቅ እንዴት ኖረ ብሎ መጠየቅ መሆኑን ከሷ ተማርኩ። እኔ ደግሞ በሕይወት እያለ «ምን?» የምትል አንዲት ቃል ደክሞኝ ቀርታብኛለች። አንባቢዎቼ፣ አንድ ሰው «የማሳይሽ ነገር አለ» ካላችሁ እግራችሁ ቢያብጥም ጠይቁት። ሌላ ምክር የለኝም።

ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ጠያቂው ወጣት ነው፤ ፋይሌን እያገላበጠ የጋብቻዬ ገጽ ላይ ቆመ። ፈርጀ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ፣ ጠበቃም አማክሬ ነበር።

«ባልዎ የሞቱት ወጣት ሳሉ ነው» አለ። «አዝናለሁ። የት ነበር የተዋወቃችሁት?»

ታምሩ የሞላው የመዋኛው ቅጽ ታጥፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«መዋኛ ውስጥ» አልኩት። ያን ጊዜ አልዋሸሁም።